ያልታወቀውን ቁጥር ከታወቀው ስለ ማውጣት

ሒሳብ ለነጋዴ ብቻ የሚያስፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ግብር የሚጽፍ ሹም በቁጥር ሲሳሳት የሚጎዳው ገባሪው ስለ ሆነ፥ ያልታወቀውን ከታወቀው የማውጣትን ነገር ለክቡራን ሹማምንት ባጭሩ እንገልጻለን።

በምዕራብ ሐረርጌ በቦኬ ገበያ ቡና በባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ተመዘነ እንበል። በአንዱ ሳሕን 3 እኩል የሆኑ ከረጢቶችና የ5 ኪሎ ድንጋይ፥ በሌላው እንደዚያው ያለ 1 ከረጢትና 39 ኪሎ ብረት ተቀምጦ ሚዛኑ ቢስተካከል፥ አንዱ ከረጢት ስንት ይመዝናል? ክብደቱን «ሀ» ብለን እንጥራው። እንግዲህ 3ሀ + 5 = ሀ + 39 ይሆናል። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ከረጢት ብናነሣ ሚዛኑ አይዛባም፤ 2ሀ + 5 = 39 ይቀራል። ደግሞ ከሁለቱም 5 ኪሎ ብናነሣ 2ሀ = 34፤ ለሁለት ብንከፍለው ሀ = 17 ኪሎ፥ ይኸውም አንድ ፈረሱላ ነው። ከአንዱ ወገን ብቻ ማንሣት ሚዛን ማጭበርበር ነው፤ ብዙው ጸሐፊም የሚሳሳተው በዚሁ ነው።

ይህን ጥበብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ በመጽሐፍ አሰናድቶታል። አልጀብር የሚለው ቃል መጠገን ማለት ሲሆን፥ ዓረቦች ለወጌሻ ሥራም ይናገሩበታል። የቤተ ክህነት ተማሪም ሳያውቀው ይሠራበታል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ፥ አበቅቴው 11 ከሆነ መጥቅዑ 19 ነው ብሎ ቶሎ ይመልሳል።

አሁን ወደ መዝገብ እንመለስ። በ1937 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ግብር፥ ዐሥራት ተጨምሮበት፥ ለም ጋሻ 50 ብር፥ ለም ጠፍ 40 ብር፥ ጠፍ 15 ብር ይከፍል ነበር። ሥርዓቱ በኋላ ተለውጦ መሬቱም በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆኗል፤ ለምሳሌነት ግን ይበቃል። አንድ አገር ለምና ጠፍ የሆነ 30 ጋሻ ኖሮት 1150 ብር ገቢ ቢያደርግ፥ ለሙ ስንት ጋሻ ነው? ለሙን «ሀ» ብንለው ጠፉ 30 − ሀ ይሆናል።

50ሀ + 15(30 − ሀ) = 1150
50ሀ + 450 − 15ሀ = 1150
35ሀ = 700
ሀ = 20

ማረጋገጫው፥ 20 ለም ጋሻ 1000 ብር፥ 10 ጠፍ ጋሻ 150 ብር፥ ድምሩ 1150 ነው። ይህን ማረጋገጫ የሚንቅ ጸሐፊ ባይጀምረው ይሻላል።

ገቢው 1600 ብር ነው የሚል መዝገብ ቢመጣስ? ያን ጊዜ 35ሀ = 1150 ስለሚሆን ለሙ ከ32 ጋሻ ይበልጣል፤ ያገሩ መሬት ግን 30 ብቻ ነው። እንግዲህ ወይ ያልተጻፈ መሬት አለ፥ ወይ ከገባሪው ከተገባው በላይ ተወስዷል። ሹሙ ገንዘቡ በዛልኝ ብሎ ደስ ከመሰኘቱ በፊት ቀላድ ጣዩንና ደረሰኙን አስጠርቶ ይመርምር።