«ፈቃድ»፣ «ምዝገባ»፣ «ምስክርነት»፦ የትንፈሳ ሕክምና ሙያን ስለሚመለከቱ ቃላት

የጤና ሙያን በሕግ መቈጣጠር ለአስተዳዳሪው የሥርዓት፣ ለሐኪሙ የሙያ፣ ለተርጓሚው ግን አስቀድሞ የቃል ጉዳይ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳን በሽተኛ ማን ሊይዝ እንደሚችል የሚወሰነው በወረቀት ላይ በሰፈረ ቃል ነውና፣ ቃሉ አሻሚ የሆነ እንደሆነ ሥልጣኑም አሻሚ ይሆናል።

ሙያው ራሱን ችሎ የቆመው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር የካሊፎርኒያ ግዛት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 የፈቃድ ሕግ ካወጣች ወዲህ፣ ከአላስካ በቀር ሌሎቹም ግዛቶች ተከትለዋታል። በአገራችን ተግባሩን በአብዛኛው የሚያከናውኑት የሰመመን ባለሙያዎች፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ግን «ኦክስጅን» እና «ቬንቲሌተር» የሚሉት ቃላት ከሆስፒታል አልፈው ከየቤቱ ደረሱ፤ የባለሙያው መጠሪያም አብሮ ተፈለገ።

«ቴራፒስት» የሚለውን «ሐኪም» ብሎ መተርጐም አይገባም። «የትንፈሳ ሐኪም» ቢባል ሰሚው የሚረዳው በሽታ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝን የሳንባ ሐኪም ነው። ስለዚህ «የትንፈሳ ሕክምና ባለሙያ» ማለት ይሻላል። «ትንፈሳ» እንደ «ምዝገባ» እና «ክልከላ» ባለው ቅርጽ የተበጀ ሲሆን፣ «ተነፈሰ» ላይ ቅጥያ የነበረው «ተ» እዚህ እንደ ሥር ፊደል ተቈጥሯል። በ«ትንፋሽ» ላይም ይኸው ስለሚታይ እንግዳ አይሆንም።

ዋናው ችግር «ፈቃድ» ላይ ነው። ቃሉ ከግእዝ «ፈቀደ» የመጣ ሆኖ መሻትን፣ መስማማትን፣ የሥራ ዕረፍትንና መንግሥት የሚሰጠውን የሥራ መብት አጠቃሎ ይይዛል። «ነርሷ ፈቃድ ወስዳለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሙያ ፈቃድ አግኝታለች ወይም ዕረፍት ላይ ናት ሊባልበት ይችላል። «ያለ ፈቃድ» ሲባልም ሕገ ወጥ ሠራተኛ ወይም ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ወንጀል፣ ሁለተኛው የዲሲፕሊን ጥፋት ነው።

ይህ ችግር በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጐልቶ ይታያል። እነዚህ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ከተሞች የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ብዙ ነዋሪዎቻቸው ግን አማርኛ የሥራ ቋንቋ በሆነባት በአዲስ አበባ ይሠራሉ። የባለሙያ ሰነድም ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ይተረጐማል። አፋን ኦሮሞ ለሥራ መብት «ሀየማ» ሲል፣ ለዓመት ዕረፍት በብዛት «ቦቆና» ይላል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ፈቃድ» ቢላቸው ምንጩ የለየውን ያደባልቃል።

«ምዝገባ»ም የራሱ ወጥመድ አለው። አሜሪካ ተምሮ የሚመለስ ባለሙያ «ሬጅስተርድ ረስፒራቶሪ ቴራፒስት» የሚል ማዕርግ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ማዕርጉን የሚሰጠው የሙያ ፈተና ቦርድ እንጂ መንግሥት አይደለም። «የተመዘገበ» ተብሎ ቢተረጐም በመንግሥት መዝገብ የሰፈረ ይመስላል፤ ይህም ያልተሰጠውን ሥልጣን ይሰጠዋል።

የሕጉ አደረጃጀትም ጥንቃቄን ይጠይቃል። አዋጅ ቁጥር 661/2002 የምግብን፣ የመድኃኒትን፣ የጤና ተቋምንና የባለሙያን ቁጥጥር በአንድነት ይዞ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን በምግብና በመድኃኒት ላይ ያተኰረ ነው። የቀድሞውን ሰነድ የሚተረጕም ሰው፣ ስለ ተቋሙ ይሁን ስለ ሰውየው የተነገረውን መለየት አለበት።

ስለዚህ የሚከተለው አጠቃቀም ይመከራል፦

ሀ/ «የሙያ ሥራ ፈቃድ»፦ መንግሥት ለግለሰብ የሚሰጠው የመሥራት መብት። «ፈቃድ» ብቻውን አይጻፍ።

ለ/ «የብቃት ማረጋገጫ»፦ ለጤና ተቋም የሚሰጥ።

ሐ/ «የሙያ ምስክርነት»፦ የፈተና ቦርድ ወይም የሙያ ማኅበር የሚሰጠው።

መ/ «ምዝገባ»፦ በመንግሥት መዝገብ መስፈር ብቻ።

ሠ/ «ዕግድ»፦ ለጊዜው የሚጸና፤ «ስረዛ»፦ ፈቃዱን የሚያስቀር። አንዱ በሌላው አይተካ፤ የታገደ ባለሙያ ሊመለስ ይችላል፣ የተሰረዘው ግን እንደ አዲስ መጠየቅ ይኖርበታል።

ረ/ «የዓመት ዕረፍት»፦ በጤና ሰነዶች ውስጥ «የዓመት ፈቃድ» በሚለው ፈንታ።

ከእነዚህ ውስጥ «ትንፈሳ» በተናጋሪው ዘንድ ገና ሊለመድ የሚገባው ነው፤ የቀሩት የታወቁ ናቸው። የጐደለው እያንዳንዱን በየቦታው የማኖር ልማድ ነው።