ፋን በተዳፋት ጣሪያ ላይ፦ የከሚሴ ተከራይ ከመግዛቱ በፊት ምን ይለካ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ይደርባል፤ ጣርማበርን ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ከሚሴ ሲገባ ግን ጋቢው ቀርቶ ሸሚዙም ይከብደዋል። ምክንያቱ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ ደግሞ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት፣ በተለይ በግንቦትና በሰኔ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ መተኛት ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ብዙ የኪራይ ክፍሎች ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው፣ ኮርኒሳቸውም ካለ ያንኑ ተዳፋት ተከትሎ የተመታ ነው። ታዲያ እዚህ ጣሪያ ላይ ፋን መስቀል ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። ነገር ግን ሁሉም ክፍል አይችልም። መልሱን የሚሰጠው ደግሞ የፋኑ ዋጋ ወይም ማርክ ሳይሆን ሜትር ነው።

ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም

መጀመሪያ ይህን እናጥራ። ፋን እንደ ፍሪጅ ሙቀት ከክፍሉ አያወጣም። እንዲያውም 70 ዋት የሚወስድ ፋን 70 ዋቱን በሙሉ መጨረሻ ላይ ወደ ሙቀት ቀይሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተወዋል። ሰው በሌለበት ክፍል ፋን ከፍቶ መሄድ ክፍሉን በትንሹ ማሞቅ ነው እንጂ “እስክመለስ ይቀዝቅዝልኝ” የሚባል ነገር የለም።

የሚቀዘቅዘው ሰውየው ነው። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው በሰዓት ወደ 360 ኪሎ ጁል ሙቀት ያመነጫል። ይህን ሁሉ ለማስወገድ 150 ግራም ላብ፣ ማለትም አንድ የሻይ ብርጭቆ ገደማ፣ መትነኑ ይበቃል። አየሩ ቆሞ ከዋለ ግን በቆዳችን ዙሪያ ያለው ስስ አየር በእርጥበት ይሞላና ትነቱ ይዘገያል። ፋን ያንን እርጥብ አየር ገፍቶ በደረቅ ይተካዋል።

ይህ ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አየሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፋን ሰውነትን ሊያሞቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አዛውንቶች ላባቸው አነስተኛ ስለሚሆን ፋን የሚጠቅማቸው ከወጣቶች ባነሰ መጠን ነው።

ሌላው ወሰን ቆርቆሮው ነው። ፀሐይ የዋለችበት ቆርቆሮ፣ በተለይ ያረጀና የዛገው፣ ልክ እንደ ፍም ሙቀቱን በጨረር ወደ ታች ይልካል። ጨረርን ነፋስ አይመልሰውም። ስለዚህ ኮርኒስ በሌለው ክፍል፣ ከፋን በፊት ከቆርቆሮው ሥር ቺፑድ ወይም አቡጀዲ መዘርጋት የበለጠ ሊያግዝ ይችላል። ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መሀል ያለው ሞቃት አየር መውጫ ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።

ተዳፋቱ የሚያመጣው ችግር

በጠፍጣፋ ኮርኒስ ላይ የፋኑ ሦስቱም ክንፎች ከጣሪያው እኩል ይርቃሉ። በተዳፋት ላይ ግን ክንፉ ወደ ዝቅተኛው ጎን ሲዞር ጣሪያው ይቀርበዋል። ክንፍና ጣሪያ በጣም ሲቀራረቡ ሁለት ነገር ይሆናል፤ አንደኛ የመመታት አደጋ አለ፤ ሁለተኛ ፋኑ ከላይ የሚስበው አየር ስለሚያጣ ዞሮ ዞሮ ነፋስ አይሰጥም። በክንፉ ጫፍና በጣሪያው መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መተው ጥሩ ልምድ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ውሃ ልክ ይዛችሁ ግድግዳው ላይ 1 ሜትር አግድም መስመር አስምሩና፣ በዚያ 1 ሜትር ውስጥ ጣሪያው ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለኩ። 27 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 15 ዲግሪ ነው። ያን ቁጥር ከፋኑ መሀል እስከ ክንፉ ጫፍ ባለው ርዝመት አባዙት። የተለመደው ትልቅ ፋን ከመሀል እስከ ጫፍ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፦ 27 ሲባዛ በ0.7፣ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30 ስትጨምሩበት ክንፎቹ ከመስቀያው 49 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለባቸው ማለት ነው። ከፋኑ ጋር የሚመጣው አጭር ዘንግ ብዙ ጊዜ ለዚህ አይበቃም፤ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል።

አሁን ከታች እንቁጠር። የአምራቾች መመሪያ ብዙ ጊዜ ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2.3 ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል፤ አልጋ ላይ ቆሞ ልብስ የሚያወልቅ ሰው እጁ ስለሚደርስ ነው። ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ፣ ከፍተኛው ግድግዳ 3.1፣ ዝቅተኛው 2.3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። መሀሉ ላይ ጣሪያው 2.7 ሜትር ነው። 49 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ 2.21 ይቀራል፤ ትልቁ ፋን አለፈለት ማለት አይቻልም። ወደ ከፍተኛው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ብናስጠጋውስ? ቁመቱ ይበቃል፤ ግን ክንፉ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ቢያንስ 45 ቢሆን ይመረጣል። እዚያው ቦታ ላይ ከመሀል እስከ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ፋን ብንሰቅል ግን ክንፉ ከወለል 2.4 ሜትር፣ ከግድግዳ 55 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ይህ ክፍል የሚፈልገው እንግዲህ ትንሽ ፋን ነው፣ ከመሀል ወደ ከፍተኛው ጎን ሸሸት ብሎ የተሰቀለ። ጣሪያው ከዚህ ዝቅ ካለ ደግሞ ሳትከራከሩ የግድግዳ ወይም የቁም ፋን ግዙ።

ክብደቱን ማን ይሸከመው?

ኮርኒስ ፋን አይሸከምም። ቺፑድም ሆነ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የተሠራው ሽፋን ነው እንጂ መዋቅር አይደለም። አምፖል የተንጠለጠለበት ሽቦም እንዲሁ። ፋን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ቢመዝንም፣ በየሰከንዱ ስለሚንቀጠቀጥ ምስማርን ቀስ በቀስ ይነቅላል። ከሥሩ የሚተኛው ደግሞ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ፈልጉ። በሁለት እንጨቶች መካከል ጠንካራ ሞራሌ አጋድማችሁ በቡሎን እሰሩ፤ ምስማር ብቻውን አይበቃም። መንጠቆው እንጨቱን ዘልቆ ከላይ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይታሰር። እንጨቱ ምስጥ የበላው ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሥራውን እዚያው አቁሙ። ከዚያ ፈትኑት፦ ውሃ የሞላ የ25 ሊትር ጀሪካን መንጠቆው ላይ አንጠልጥሉና ለአንድ ሰዓት ተዉት። ይህ 25 ኪሎ ነው፤ ከፋኑ አራት አምስት እጥፍ። እንጨቱ ካጎነበሰ ወይም ድምፅ ካሰማ መልሱን አግኝታችኋል።

ለተዳፋት የሚሆነው በመንጠቆና በጎማ የሚንጠለጠለው ዓይነት ፋን ነው፤ ጣሪያው ቢያዘነብልም ዘንጉ በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በጠፍጣፋ ብረት ጣሪያው ላይ ተጣብቆ የሚታሰረው ግን ከጣሪያው ጋር አብሮ ያዘነብላል፤ ሲዞርም ይንገዳገዳል። ዘንጉ ላይ ያሉት መቆለፊያ ፒኖች መግባታቸውን ሁለት ጊዜ እዩ።

ኤሌክትሪኩ

70 ዋት ፋን በ220 ቮልት የሚስበው ከአንድ አምፔር ሲሶ በታች ነው። ስለዚህ ፍርሃቱ ገመዱ ይቃጠላል የሚል አይደለም። ፍርሃቱ ቆርቆሮው ነው። መስመሩ ተልጦ ቆርቆሮውን ከነካ ጣሪያው በሙሉ፣ አንዳንዴም የጎረቤት ክፍል ጣሪያ ጭምር፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መገጣጠሚያዎቹ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው እንጨት ላይ መጣል የለባቸውም፤ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። የመሬት መስመርም ይዘርጋ። በሥራው ጊዜ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ብሬከሩ ከቆጣሪው ላይ ይውረድ። ማጥፊያው በተሳሳተው መስመር ላይ ተገጥሞ ከሆነ፣ “የጠፋው” ሽቦ አሁንም ሊገድል ይችላል። ይህን ክፍል ለሙያተኛ መስጠት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ከአከራዩ ጋር

ፋኑ የእናንተ ነው፤ እንጨቱና ቆርቆሮው ግን የአከራዩ። ከመብሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ማን ይከፍላል፣ ስትለቁ ፋኑን ማን ይወስዳል፣ ቀዳዳውንስ ማን ይደፍናል? በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህንንም ስምምነት በሁለት መስመር ጽፋችሁ ብትፈራረሙ ኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። ቆጣሪው የጋራ ከሆነም ሒሳቡን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ 70 ዋት ፋን በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

አከራዩ እሺ ካለ፣ ሜትሩ ከፈቀደ፣ ጀሪካኑም ካልወደቀ ያን ጊዜ ወደ ሱቅ ሂዱ። ከሦስቱ አንዱ ካልተሟላ የቁም ፋን አልጋው ሥር አስቀምጡ፤ ላቡን ለማድረቅ ነፋሱ ከላይ መምጣቱ ግዴታ አይደለም።