ከጥፍር በምታንስ ሚሞሪ ውስጥ ሠርግ

ግዳን ወረዳ፣ ሙጃ ከተማ ላይ ሠርግ እቀርጻለሁ፤ ሠርግ በሌለበት ወቅት ሚሞሪ እጭናለሁ። ጥር ሲገባ የግዳን ደጋ ዳስ በዳስ ይሆናል፤ እኔም ካሜራዬን አንግቼ ከቀበሌ ቀበሌ ስዞር እከርማለሁ። ቪዲዮውን ሳስረክብ ሙሽራውም፣ ሚዜውም፣ የሙሽሪት አባትም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ “ስልኬ ላይ ይገባል ወይ?”

እስቲ እናስላው። ፉል ኤችዲ በሚባለው ልክ አንዱ ምስል በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ባይት፣ በሰከንድ ደግሞ 25 ምስል ያስፈልጋል። ይህ እንዳለ ሳይነካ ቢቀመጥ በሰከንድ 155 ሜጋባይት ይፈጃል። 16 ጊጋ ሚሞሪ ሁለት ደቂቃ ሳትቆይ ጢም ትላለች፤ ሙሽራው ገና ከበቅሎው ሳይወርድ። እኔ ግን አንድ ሰዓት ሠርግ ከአራት ጊጋ በታች አድርጌ አስረክባለሁ። የቀረው ተጥሏል። የትኛው ይጣል፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው በካሜራውና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ኮዴክ የሚባል ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም መሥራት ብቻ ሥራቸው የሆነ ኩባንያዎች አሉ።

አሠራሩን ላሊበላ ላይ ማየት ይቀላል። በገና ዕለት ጠዋት ቤተ ማርያም ግቢ ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ከላይ በገደሉ ጫፍ፣ ከታችም በግቢው ተሰልፈው ይወዛወዛሉ። ዓለቱ ግን አይንቀሳቀስም። ኮዴኩ ዓለቱን አንዴ በደንብ ይመዘግብና በሚቀጥሉት ምስሎች “እንዳለ ነው” ብሎ ያልፈዋል። የካህናቱ ሰልፍ አብሮ ወደ ግራ ካዘነበለም እንደገና አይሥለውም፤ “ይህን ያህል ወደ ግራ ሄዷል” ብሎ በጥቂት ቁጥር ይጽፈዋል። የሚያስቸግረው ሕዝቡ ነው፤ ሁሉም በየፊናው ሲንቀሳቀስ ቀድሞ መገመት አይቻልም። ቦታ ሲያጥር ፊቶቹ አራት ማዕዘን እየሆኑ ይቆራረጣሉ። የእኔ ጠላት እስክስታ ነው፤ ትከሻ ሲርገፈገፍ ፋይሉም ያብጣል።

ቀለምም ይቀነሳል። ዓይናችን ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ሲለይ በቀለም ረገድ ሰነፍ ነው፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ኮዴኮች ለአራት ነጥብ አንድ የቀለም መረጃ ብቻ ይይዛሉ። የሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ምንም አይሆንም። ጥለቱ ላይ ያለው ቀጭን ቀይ ክር ግን ይደበዝዛል፤ እናቶች ይህን ቶሎ ያያሉ፣ ካሜራዬንም ይጠረጥራሉ።

ድምፅ ላይ ዘዴው ሌላ ነው። በሲዲ ልክ የተቀመጠ ሙዚቃ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ኤምፒ3 በ128 ይጨርሰዋል። ከበሮ ሲመታ በአቅራቢያው ያለው ቀጭን ድምፅ ለጆሮ አይሰማም፤ ያልተሰማውን ለምን እንሸከም ብሎ ይጥለዋል። ጸናጽል ላይ ግን ይሰናከላል። እንደ ጸናጽል ድንገት ሹል ሆኖ የሚነሣ ድምፅ በጣም ሲታመቅ ስሕተቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይፈስና ጸናጽሉ ሳይመታ በፊት ሽው የሚል ነገር ይሰማል። ኤምፒ3ን በጀርመን አገር ኤርላንገን በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ካዳበሩት አንዱ ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ ሥራቸውን የፈተኑት አሜሪካዊቷ ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ በዘፈነችው ዘፈን ነው። የእኛን ማሕሌት ቢሰሙ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

የታመቀው የሚፈታው ደግሞ ተቀባዩ አስቀድሞ ደንቡን ካወቀ ብቻ ነው። የዜማ ምልክት ይህን ይመስላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት የሚባለው ምልክት ከቃሉ በላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል፤ አንድ ሁለት ፊደል አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ይወክላል። ዜማውን ከመምህሩ የተማረ ደብተራ አይቶ ያዜመዋል፤ ላልተማረ ሰው ፊደል ብቻ ነው። ደንበኛም “አልከፍት አለኝ” ብሎ ስልኩን ሲያመጣልኝ ፋይሉ ደኅና ነው፤ ስልኩ ነው ያልተማረው።

እዚህ ላይ ገንዘብ ይገባል። ማሳነሻው የትም ቢሠራ መፍቻው በእያንዳንዱ ስልክ፣ በእያንዳንዱ ሬዲዮ ውስጥ መኖር አለበት፤ ባለቤቱም ለእያንዳንዱ መፍቻ ሊያስከፍል ይችላል። ለኤምፒ3 የፈቃድ ክፍያው የቀረው በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ነው።

እንደኛ ላለ አገር የማመቅን ጥቅም ቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ አዲስ አበባ የተወለዱት የሕግ ባለሙያ ኖኅ ሳማራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ወርልድስፔስን አቋቋሙ፤ ሐሳባቸው ሬዲዮን ከሳተላይት በቀጥታ በእጅ ወደሚያዝ መቀበያ ማድረስ ነበር። ኤፍኤም ተራራ አይሻገርም፤ ላስታ ውስጥ የኖረ ያውቀዋል። ሳተላይት ግን ከላይ ነው። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይታቸው ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጊያና ተወነጨፈች።

አንዱ የሳተላይቷ ሞገድ በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት ይሸከማል። ሳይታመቅ ቢሆን ለአንድ የሲዲ ጥራት ላለው ጣቢያ ብቻ ይበቃ ነበር። እነሱ የፍራውንሆፈርን ኤምፒ3 ተጠቅመው ባለ 16 ኪሎቢት 96 ክፍሎች አደረጉት፤ ለንግግር አንዱ ክፍል ይበቃል፣ አራቱን ደምሮ ለሚወስድ የሙዚቃ ጣቢያ ደግሞ የ24 ጣቢያ ቦታ ይወጣዋል። ስሌቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። መቀበያው ግን በመቶዎች ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ኋላም ወርኃዊ ክፍያ መጣ። ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ላይ ኩባንያው የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። ምሕንድስናው አልወደቀም፤ የወደቀው ገብስ ሸጦ የሚኖር ሰው ሬዲዮ ለመስማት ያን ያህል ይከፍላል የሚለው ግምት ነው።

የመፍቻው ክፍያ የቀለለው በሌላ በር ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ዳክ በሚል ስም የተነሣ፣ ኋላ ኦንቱ የተባለ ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ ቪዲዮ ማሳነሻ እየሠራ ይሸጥ ነበር፤ ቪፒ6 የተባለው ሥራው በኢንተርኔት ቪዲዮ ላይ ለጥቂት ዓመታት ነግሦ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ጎግል ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ጠቀለለውና በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኩባንያውን አዲስ ኮዴክ ቪፒ8ን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ዩቲዩብ የሚጠቀምበት ቪፒ9 የዚያ ልጅ ነው፤ ኤቪ1ም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ጎግል ይህን ያደረገው ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ በየቪዲዮው ለሌላ ከመክፈል ይሻለዋል። በድምፅም በ2005 ዓ.ም. መባቻ ኦፐስ የተባለ ነፃ ኮዴክ ወጣ። ጅዳ ያለች የግዳን ልጅ ለእናቷ በቴሌግራም የምትልከው የድምፅ መልእክት በኦፐስ ታምቆ ነው ኔትወርኩ ደክሞም የሚደርሰው።

በተረፈ የተጣለ አይመለስም። ከኢሞ ወደ ቴሌግራም፣ ከዚያ ወደ ሌላ ስልክ የዞረ ቪዲዮ ይዘው መጥተው “የአባታችንን ፎቶ ከዚህ አውጣልን፣ ለሙት ዓመቱ በትልቁ አትምልን” ይሉኛል። በየዝውውሩ እንደገና ታምቋል፤ ከዚያ ውስጥ ፊት አይወጣም። ቴሌግራም ላይ “እንደ ፋይል” ብላችሁ ከላካችሁት ሳይነካ ይደርሳል፤ ካርድ ግን ይበላል። ስለዚህ ለደንበኞቼ ሦስት ቅጂ እሰጣለሁ፦ ዋናውን በፍላሽ፣ ለዘመናዊ ስልክ የሚሆን አንድ፣ ለሽማግሌዎቹ ባለ ቁልፍ ስልክ ደግሞ አንድ በ3ጂፒ። ለሦስተኛው አላስከፍልም።