የተሽከርካሪ ባትሪ ዕድሜውን ሳይጨርስ ለምን ይሞታል?

የተሽከርካሪ ባትሪ በአግባቡ ከተያዘ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ይሁን እንጂ ይህን ዕድሜ ሳያገባድዱ ከአገልግሎት ውጪ የሚሆኑ ባትሪዎች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በሻጩ ወይም በአምራቹ ላይ ይጣላል። ጥራት የጎደለው ባትሪ ከገበያ አይጠፋም፤ ነገር ግን ባትሪን ያለጊዜው ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኞቹ ሙቀት እና ሳይሞላ መቆየት ናቸው። የሁለቱንም ጉዳት ባለንብረቱ በቀላል ጥንቃቄ መቀነስ ይችላል።

የባትሪ አሠራር

በመኪና፣ በትራክተር እና በባጃጅ ላይ የሚገጠመው የተለመደው ባለ12 ቮልት ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ያመነጫል። በየክፍሉ ስስ የእርሳስ ንጣፎች በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 የፈለሰፈው ይህ አሠራር በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሳት ኃይል ሲስብ በንጣፎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የተባለ ነጭ ውሁድ ይፈጠራል። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ባትሪውን ሲሞላ ደግሞ ውሁዱ ይሟሟል። ባትሪው ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ግን ሰልፌቱ እየጠጠረ ይሄዳል። ከጠጠረ በኋላ በቀላሉ ስለማይለቅ ባትሪው ቢሞላም የሚይዘው ኃይል ከቀድሞው ያነሰ ይሆናል።

ሙቀት ይገድላል፤ ብርድ ያጋልጣል

ብዙ ሰዎች ባትሪን የሚጎዳው ብርድ እንደሆነ ያምናሉ። ምክንያቱም እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋማ አካባቢዎች መኪና አልነሳም የሚለው በአብዛኛው በማለዳ ነው። በብርድ ጊዜ የባትሪው ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተር ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። ነገር ግን ብርዱ የሚያደርገው ቀድሞ የተዳከመውን ባትሪ ማጋለጥ ነው።

ትክክለኛው ጠላት ሙቀት ነው። ሙቀት ሲጨምር በባትሪው ውስጥ ያለው ዝገት ይፋጠናል፤ ውሃውም ይተናል። በባለሙያዎች ዘንድ በተለመደው ስሌት መሠረት ባትሪው የሚሠራበት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በቆላማ አካባቢ የሚሠራ ተሽከርካሪን በጥላ ሥር ማቆም በራሱ የባትሪን ዕድሜ ያራዝማል።

ቆሞ የሚከርም ትራክተር

የሁለቱ ችግሮች መገናኛ ቆሞ የሚከርመው ትራክተር ነው። እንደ መተማ ባሉ ሰሊጥ አምራች ቆላማ አካባቢዎች የእርሻ ሥራ ካበቃ በኋላ ትራክተሩ ለወራት ያለ ሥራ ይቆማል። እነዚህ ወራት ደግሞ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ናቸው። ባትሪ ባይነካም እንኳ ኃይሉን ቀስ በቀስ ያጣል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ የሚያጣበት ፍጥነት ይጨምራል። ክረምት ሲገባና መሬቱ ለእርሻ ሲደርስ ትራክተሩ አልነሳ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አርሶ አደሩም የዘር ጊዜ እያለፈበት አዲስ ባትሪ ፍለጋ ከተማ ለመውጣት ይገደዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትራክተሩ ከመቆሙ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ መሙላት፣ ከዚያም የመቀነስ ምልክት ካለበት ጫፍ ጀምሮ ገመዶቹን መፍታት፣ ባትሪውንም ነፋሻማና ጥላ ባለው ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ማስሞላት ይመከራል።

በከተማ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የሚመላለስ መኪናም ከዚህ ችግር አያመልጥም። የጥቂት ደቂቃ ጉዞ ሞተሩን ለማስነሳት የወጣውን ኃይል በቅጡ አይተካም። እንዲህ ያለውን መኪና ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ረዘም ላለ ጊዜ መንዳት ጠቃሚ ነው።

የባትሪን ጤንነት መመርመር

ተሽከርካሪው ለሰዓታት ከቆመ በኋላ በቮልት መለኪያ ሲለካ 12.6 እና ከዚያ በላይ የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው። 12.2 የሚያሳይ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፤ 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር መሞላት አለበት። ሞተሩ እየሠራ ልኬቱ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ሊሆን ይገባል። ከዚህ በእጅጉ ካነሰ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ዲናሞውን እና ቺንጋውን ማስፈተሽ ተገቢ ነው። 15 ካለፈ ደግሞ ባትሪው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃው እየደረቀ ነው።

ክዳናቸው የሚከፈት ባትሪዎች ውሃቸው በየወሩ መታየት አለበት። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውሃ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ንጣፎቹን ስለሚጎዱ አይመከርም። የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው። በተለምዶ «ደረቅ» የሚባሉት ባትሪዎች ውሃ አይጨመርባቸውም። በገመድ ማሰሪያው ላይ የሚታየው ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ቢቀባ መልካም ነው።

አዲስ ባትሪ ሲገዛ የተመረተበትን ቀን ማየት ይገባል። ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት የሚሰጡባቸው የጭነት መኪናዎች ላይ አዲስ እና አሮጌ ባትሪ ማጣመር አዲሱንም ያበላሻል። እንዲህ ያለውን መኪና ባለ12 ቮልት መኪና ለማስነሳት መጠቀም ደግሞ አደገኛ ነው።

ለቤት መብራት የሚውል የመኪና ባትሪ

በገጠር የመኪና ባትሪን ለመብራት እና ለቴሌቪዥን መጠቀም የተለመደ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ከፍተኛ ኃይል ለመስጠት ነው። በየምሽቱ እስኪያልቅ ከተሠራበት በአጭር ጊዜ ይሞታል። ለዚህ አገልግሎት ንጣፎቹ ወፍራም የሆኑት የሶላር ባትሪዎች ይሻላሉ። ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ወይም እሳት ባለበት አካባቢ መሞላት የለበትም።

ያረጀ ባትሪ

ያገለገለ ባትሪ ተራ ቆሻሻ አይደለም። በውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለሕጻናት ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። እርሳስ የሕጻናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። ስለዚህ ባትሪን በግቢ ውስጥ መስበር፣ እርሳሱን ማቅለጥ ወይም አሲዱን በማሳ እና በወንዝ ዳር መድፋት ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ተግባር ነው። አሮጌው ባትሪ እንዳለ፣ ሳይከፈት፣ አሮጌ ባትሪ ለሚረከቡ ነጋዴዎች መሰጠት አለበት። አሲድ ዐይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ወዲያውም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።