ከቤት የሚጀምር ፖለቲካ፦ የካምፓላ ወጣቶች

ልጅ የፖለቲካ አቋም መያዝ የሚጀምረው ድምፅ ለመስጠት ሳይደርስ፣ ገና ቤት ሳለ ነው። በኡጋንዳ ይህ በጉልህ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሠረቱ ካቶሊኮች፣ የኡጋንዳ ሕዝቦች ኮንግረስ ደግሞ በአብዛኛው ፕሮቴስታንቶች ስለነበሩ፣ የቤተሰቡ እምነት ብዙ ጊዜ የልጁን ፓርቲም ይወስን ነበር።

በኡጋንዳ ውስጥ ባለው ጥንታዊ የቡጋንዳ ንጉሣዊ ግዛት፣ በብዙ ቤቶች የንጉሡ የካባካው ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጆች የንጉሡ ስም በአክብሮት ሲጠራ፣ በ1966 መንጎ የሚገኘው የካባካው ቤተ መንግሥት በመንግሥት ጦር መጠቃቱም ሲወራ እየሰሙ ያድጋሉ። በ2009 መንግሥት የቡጋንዳን ሬዲዮ ጣቢያ ሲቢኤስን ሲዘጋ፣ ብዙ ቤተሰቦች የተነካው የራሳቸው ክብር እንደሆነ ተሰማቸው።

የወላጅ ትዝታ ግን እንዳለ አይወረስም። የሉዌሮን የሽምቅ ጦርነት ያዩ ወላጆች በዚያ ጦርነት አማፂያኑን መርተው በ1986 ሥልጣን የያዙትን ፕሬዝዳንት ሙሴቬኒን ከሰላም ጋር ሲያያይዟቸው፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆቻቸው የሚያውቁት ሥራ አጥነትንና አንድ ፕሬዝዳንትን ብቻ ነው። ጭቅጭቁ እራት ላይ ቢነሳ አያስገርምም፤ ሁለቱም የሚናገሩት የኖሩትን እውነት ነውና።

ካሞክያ ሰፈር ያደገው ሙዚቀኛና ፖለቲከኛ ቦቢ ዋይን የተነሳው ከዚህ የትውልድ ክፍተት ነው። በ2021 የፕሬዝዳንት ምርጫ ሙሴቬኒ 58 በመቶ ገደማ፣ እሱ 35 በመቶ ገደማ ማግኘታቸው ሲታወጅ ውጤቱን አልተቀበለም። ፓርቲው ግን አብዛኞቹን የካምፓላ የፓርላማ መቀመጫዎች ወስዷል።