የሐሰት ቀን የጻፈ ሐቀኛ

ሕግ የጣሰ ሰው ሐቀኛ ሊባል ይችላል ወይ? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር የማርቲን ሉተር ኪንግ መልስ ይጠቀሳል። ኪንግ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ ኢፍትሐዊ ሕግን የሚጥስ ሰው በግልጽ ሊጥስና ቅጣቱንም ሊቀበል ይገባል ይላል። መለኪያው መልካም ነው፤ ፓውል ግሩኒንገር ዘንድ ሲደርስ ግን ይቸገራል።

ግሩኒንገር በስዊዘርላንድ የሴንት ጋለን ካንቶን የፖሊስ አዛዥ ነበር። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል አይሁዳውያን ወደ ካንቶኑ ድንበር ጎረፉ። በኦገስት የስዊዘርላንድ መንግሥት ድንበሩን ዘጋ፤ ያለ ቪዛ የመጣ ሁሉ እንዲመለስ ታዘዘ። አዛዡ ግን ስደተኞቹ ከትእዛዙ በፊት የገቡ እንዲመስሉ የመግቢያቸውን ቀን ወደ ኋላ እየመለሰ ሰነድ አዛባ። በዚህ መንገድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረፉ።

በ1939 ያለ ጡረታ ከሥራ ተባረረ። በ1940 ፍርድ ቤቱ የሥራ ግዴታውን በመጣስና ሰነድ በማዛባት ጥፋተኛ ብሎ 300 ፍራንክ ቀጣው። ዳኞቹ በጎ ዓላማውን አልካዱም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የታዘዘውን መፈጸም አለበት አሉ። ስጋታቸውን ማናናቅ አይገባም፤ ሹም ሁሉ እንደ ልቡ ቀን የሚጽፍ ከሆነ ጉቦኛውም ያው ሰበብ አለው።

ግሩኒንገር እንደ ኪንግ በአደባባይ ቢናገር ኖሮ ስሙ ያምር ነበር፤ ስደተኞቹ ግን ይመለሱ ነበር። ግልጽነት ሕግ ማስለወጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ደጃፍ ላይ የቆመን ሰው ለማትረፍ የሚጥር ሰው ሐቀኝነት የሚታየው ሌላ ቦታ ይመስለኛል፦ ጥቅሙ ለማን ሆነ? ዕዳውን ማን ከፈለ? ግሩኒንገር በ1972 እስኪሞት ድረስ ያገኘውን ሥራ እየሠራ በድህነት ኖረ።

ፍርድ ቤት ነጻ ያለው በ1995 ነው፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ። በናዚ ዘመን ስደተኞችን ረድተው የተፈረደባቸውን ሌሎች ስዊዛውያን ፍርድ የሚሽር ሕግም በ2004 ጸና። አገሪቱ ግን የውጭ ዜጎችን ሕግ ስትለውጥ፣ ሕገወጥ ስደተኛን በቅን ልቦና የረዳን ሰው ከቅጣት ይጠብቅ የነበረውን አንቀጽ አስቀረች። አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው።