በቆዳ ሥር ያለውን ጡንቻ ማየት

ከኢትዮጵያ ወርዶ የሚመጣው አባይ ካርቱም ደርሶ ከነጭ አባይ ጋር ከመገናኘቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቡሪ የተባለውን ሰፈር ታኮ ያልፋል። በዚህ ሰፈር ሁለት አዛውንት ይኖራሉ እንበል። ቁመታቸው እኩል ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጡም እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ይሁን እንጂ አንደኛው ከወንዙ ዳር እስከ ቤታቸው ሳያርፉ ሲሄዱ፣ ሁለተኛው ከተቀመጡበት ለመነሣት እንኳ የወንበሩን መደገፊያ መያዝ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን ልዩነት ሚዛኑ አይናገርም። ሚዛን አጥንቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ስቡንም፣ ውሃውንም በአንድነት ጠቅልሎ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣልና። ታዲያ ሐኪሙ የሁለቱን ሰዎች ጡንቻ ለይቶ ማወቅ ቢፈልግ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው የጉልበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአጥንት ጋር ተያይዘው ሰውነትን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ክብደት ሲሶ ያህሉን ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ይይዛሉ። ሰው በጽኑ ሲታመም ወይም ምግብ ሲያጣ፣ ሰውነቱ ለልብና ለሌሎች ብልቶች የሚያስፈልገውን ፕሮቲን የሚበደረው ከጡንቻ ነው። ስለዚህ ጡንቻው የሳሳ ሰው በሽታ ሲይዘው የሚያወጣው ስንቅ የለውም፤ በእርጅናው ዘመንም መውደቅና መሰበር ያሰጋዋል። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣውን ይህን የጡንቻ መመናመን ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ «ሳርኮፔኒያ» ብለው ሰየሙት። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ «የሥጋ ድህነት» እንደ ማለት ነው።

ሥጋን ሳይቆርጡ የሰውነትን ውስጥ የማየት ጥበብ የተጀመረው በ1888 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 29 ቀን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በዓይን የማይታየውን ጨረር አገኙ። አራት ወር ያህል ቆይቶ የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ዓመቱም ሳያልቅ ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉ የኢጣልያ ጦር ሐኪም፣ በኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚሁ ጨረር አማካይነት ፈልገው አገኙ። እኛ በአማርኛ «ራጅ» የምንለውም ቃል የመጣው «ራጂ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ጨረሮች» ማለት ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. ከካርቱም ማዶ የኦምዱርማን ጦርነት ሲደረግ፣ ባተርስቢ የተባሉ የብሪታንያ ጦር ሐኪም ከዚያ በስተሰሜን በናይል ዳር አባድየህ በምትባል ስፍራ የራጅ መሣሪያ ተክለው ነበር። በዚያ በረሃ ኤሌክትሪክ ስለሌለ፣ ለሁለት ሰው የተሠራ ብስክሌት አቁመው የኋላውን ጎማ ከዲናሞ ጋር አያያዙት። ሰዎች መርገጫውን ሲረግጡ ባትሪው ይሞላል። መሣሪያው በሙቀት እንዳይበላሽም በውሃ በራሰ ጨርቅ ይሸፈን ነበር። ወደዚያ ከተወሰዱት 121 ቁስለኞች መካከል በ21ዱ ላይ በተለመደው የምርመራ ዘዴ ጥይቱ መኖሩንና አለመኖሩን ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። ከእነዚህም የ20ዎቹ ነገር በራጅ ተለየ።

ነገር ግን ያ ራጅ አጥርቶ የሚያሳየው ጥይትንና አጥንትን እንጂ ጡንቻን አልነበረም። ጥቅጥቅ ያለ ነገር ጨረሩን አግዶ ያስቀረዋል፤ ጡንቻና ስብ ግን የሚያግዱበት መጠን ይቀራረባል። ከዚህም በላይ አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርቦ ስለሚታይ በምስሉ ላይ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ከብዙ አቅጣጫ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በሒሳብ ቀመር የተደራረበውን መለያየት ነበር። ይህን ሒሳብ ካሰቡት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው አለን ኮርማክ ናቸው፤ ማሰብ የጀመሩትም እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን ከተማ በግሩት ስኩር ሆስፒታል ሲሠሩ ነው። የሐሳቡ አንዱ ምንጭ በአፍሪካ ምድር መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። መሣሪያውን ሠርተው በሥራ ላይ ያዋሉት እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በሽተኛ የታየበት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

ሲቲ ስካን የሚባለው ይህ መሣሪያ፣ ድፎ ዳቦ በስሱ እንደሚቆረጥ ሁሉ የሰውነትን ምስል በአግድም እየቆረጠ ያሳያል። በምስሉ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ቁጥር አላት። የውሃ ቁጥር ዜሮ፣ የአየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነው። ስብ ከዜሮ በታች ከ190 እስከ 30 ባለው ክልል ይገኛል። የጡንቻ ክልል ከዜሮ በታች ከ29 ተነሥቶ ከዜሮ በላይ እስከ 150 ይደርሳል። በመሆኑም ኮምፒዩተሩ የጡንቻን ነጥቦች ብቻ ለይቶ ስፋታቸውን ሊደምር ይችላል። የሰውነትን ጡንቻ ሁሉ መቁጠርም አያስፈልግም። በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ትይዩ የተቆረጠ አንድ ምስል ስለ መላው ሰውነት ጡንቻ በቂ ግምት ይሰጣል።

ይህ ዘዴ ዓይንን የሚያታልለውን ነገር ገልጿል። በካናዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከመጠን በላይ ወፍረው ሳለ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎች ምስል መርምሮ፣ ከመካከላቸው ጡንቻቸው እጅግ የሳሳ መኖራቸውን አሳየ። እነዚህም ከሌሎቹ ወፍራም በሽተኞች ይልቅ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ አጭር ነበር። ወፍራም ሰው ጡንቻ አጥቷል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እስካሁን የተነገረው ስለ መጠን ነው። የጡንቻው ጥራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህንን ሥጋ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ቁራጭ ቀይ ነው፤ ሌላው በክብደት ከእርሱ እኩል ሆኖ ሳለ ነጭ ስብ በመካከሉ ተሰግስጎበታል። ለቁርጥ ወዳጆች ጮማው ይመረጥ ይሆናል፤ በሰው ጭን ውስጥ ሲገኝ ግን ተፈላጊ አይደለም። ከዕድሜ ብዛት፣ ከሕመምና ከመቀመጥ የተነሣ በጡንቻ ጭረቶች መካከልና በውስጣቸው ስብ ሲገባ፣ በሲቲ ስካን ላይ የጡንቻው ቁጥር ዝቅ ይላል። ከ30 በላይ መሆን ሲገባው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ከዚያም በታች ይወርዳል። በቡሪ ይኖራሉ ያልናቸው ሁለቱ አዛውንት የጭናቸው ዙሪያ እኩል ቢሆን እንኳ፣ የአንደኛው ቀይ፣ የሁለተኛው በስብ የተወረረ ሊሆን ይችላል።

እንዲህም ሲባል ሰውን ሁሉ ወደ ሲቲ ስካን መላክ ይገባል ማለት አይደለም። ጨረሩ ሲበዛ ስለሚጎዳ፣ ጡንቻን ለማየት ብቻ ብሎ በሽተኛን ለጨረር ማጋለጥ ተገቢ አይሆንም። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ለሌላ በሽታ ምርመራ አስቀድሞ በተነሣው ምስል ነው። ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በማግኔት ኃይል ስለሚሠራ እንዲህ ያለ ጨረር የለበትም፤ ውሃንና ስብንም አጥርቶ ይለያል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ዴክሳ የተባለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ኃይል ያለው ቀላል ጨረር ተጠቅሞ መጠኑን ይገምታል፤ ስለ ጥራቱ ግን አያሳይም።

መጠንና ብርታት እኩል እንደማይሄዱ የሚያስረዱ ጥናቶች አሉ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው ከ3000 በላይ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠኑ፣ የእግራቸው ብርታት ከጡንቻቸው መጠን ይልቅ በፍጥነት መቀነሱ ታየ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት፣ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው ደካማ አሥር ሽማግሎችና አሮጊቶች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ ጀመሩ። በሲቲ ስካን የታየው የጭናቸው ጡንቻ ስፋት በአማካይ 9 በመቶ ብቻ ሲጨምር፣ ብርታታቸው ግን 174 በመቶ ጨመረ።

በአገራችን ስለ ጎልማሶች ጡንቻ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ በጅማ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ነው። ጥናቱ የተደረገው የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድ በጀመሩ ሰዎች ላይ ሲሆን፣ መለኪያው ምስል አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ዲዩቴሪየም ያለበትን ውሃ አጠጧቸው። ይህ ውሃ ከሰውነት ውሃ ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል እንደቀጠነ በመለካት የሰውነትን ውሃ መጠን ማወቅ ይቻላል። ስብ ውሃ የለውም ለማለት ስለሚቻል፣ ከዚህ ተነሥቶ ስብ ያልሆነው ክፍል ይሰላል። ለሦስት ወር ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው ሰዎች፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ስብ ባልሆነው ክፍል በአማካይ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ብልጫ አገኙ፤ የእጃቸው የመጨበጥ ኃይልም ከፍ አለ። ዘዴው ብልኅ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ጡንቻ እንደሳሳ ወይም በስብ እንደተወረረ ሊያሳይ አይችልም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከከተማይቱ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ፤ እጅግ ብዙ ሰዎችም ከተማይቱን ጥለው ሲሰደዱ፣ ከፊሎቹ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እንዲህ ባለ መከራ የተራበ ጎልማሳ እግሩ በውሃ ሊያብጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ እብጠቱን ጨምሮ ስለሚመዝን የጡንቻውን መመናመን ይሸፍነዋል። ሲቲ ስካን በዚያ አይገኝም። በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራና ምስሉን በስልክ ላይ የሚያሳይ አልትራሳውንድ ግን በከረጢት ሊሄድ ይችላል፤ ባለሁለት ሰው ብስክሌትም አይፈልግም። መርማሪው በዳሌ አጥንትና በጉልበት ሎሚ መካከል ያለውን እኩሌታ ለክቶ ምልክት ያደርጋል፤ ቅባት ይቀባል፤ መሣሪያውን በጭኑ ላይ ያሳርፋል። ጤናማው ጡንቻ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ስብና ጅማት የገባበት ነጣ ይላል። ውፍረቱም በሚሊ ሜትር ይለካል። እጁ ግን ቀላል መሆን አለበት፤ ጥቂት ቢጫን ጡንቻው ተጨፍልቆ ከእውነተኛው ይልቅ ቀጭን መስሎ ይታየዋልና።